ሎዝ የበላው ኮዴ

ድሬ ቀትር ላይ ማን ይሠራል? ሽርጤን ታጥቄ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብዬ ኢሜይሌን «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» ላይ አስገባሁ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ፣ መረጃህ ሾልኮ መውጣት አለመውጣቱን የሚነግር ድረ ገጽ ነው። ወጥቷል። ድሮ ተመዝግቤ የረሳሁት አንድ ሳይት ፓስወርዴን ይዞ ተዘርፏል።

ያቺው ፓስወርድ ደግሞ ኢሜይሌም፣ ፌስቡኬም ላይ አለች። በ«ከዚራ» ጀምራ በ123 ታልቃለች፤ አትሳቁ።

አቦ፣ ያን ቀን እንደኔ የተጋ የለም! ሁሉንም ለየብቻ ቀየርኩ። ኢሜይሌ ላይ ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቅ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጨመርኩ፤ ያውም በኤስኤምኤስ ሳይሆን በአፕ፤ ቁጥርህን ሌላ ሰው በአዲስ ሲም ሊያስወጣው ይችላላ። አፑ ቢጠፋ የሚያስገባውን፣ ጎግል የሚሰጠውን 10 የመጠባበቂያ ኮድም አሳትሜ ቴሌቪዥኑ ሥር አኖርኩ። ከዚያ እጄ አላርፍ ብሎ ስልኬን ሪሴት አደረግኩት። አፑም አብሮ ሄደ። ስልኩ ሲነሳ ኮድ አምጣ አለኝ።

ወረቀቱ የለም።

«እማ፣ እዚህ የነበረው ወረቀትስ?»

«የቁጥሩ? ከድሮ ደብተሮችህ ጋር ለሎዟ ሴትዮ ሰጠኋት። ትምህርት ከጨረስክ ስንት ዓመትህ!»

በባጃጅ ታይዋን ገበያ ደረስኩ። ሴትዮዋ ጥላ ሥር የባቢሌ ሎዟን በወረቀት ጠቅልላ ደርድራለች። ጥቅሎቹን እያገላበጥኩ አየሁ። የስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂዬ፣ በቀይ እስክሪብቶ 3 ከ10። ኮዱ ግን የለም። ቀና ስል አንድ የባጃጅ ሾፌር ያኝካል። ወረቀቴ እጁ ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ ሎዙን ብላ፣ ወረቀቱን ግን ስጠኝ።»

አየኝ። ወረቀቱን አየ። ከዚያ ገበያው እስኪሰማ ያነብልኝ ጀመር፦ «ሰባት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ሁለት… ሎተሪ ነው እንዴ?»

ሎተሪ የሚለውን ስትሰማ ሴትዮዋ የቀሩትን ጥቅሎች በሻሿ ሸፈነች።

ሾፌሩን በሁለት ጥቅል ሎዝ ካስኩት። ሴትዮዋ እሱንም በእጥፍ ነው የሸጠችልኝ። እዚያው ቆሜ ጨው ከነካው ወረቀት ላይ 8 አሃዝ ለቅሜ ገባሁ። ወዲያው አዲስ 10 ኮድ አስወጣሁ፤ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ስለሚሻር ታይዋን በሙሉ ቢሸመድደው ግድ የለኝም።

አዲሱን አሳትሜ ቤት ስገባ እማ ተቀበለችኝ። ወረቀቱን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይቺ ደግሞ ወፍራም ናት፤ ሎዝ አታፈስም።»