«ኮቪድ አይደለም» ብሎ ሥራ መግባት

ነርስ ነኝ፣ የምሠራው አረጋውያን በሚታከሙበት ክፍል ነው። የኮቪድ ገደቦች ተነስተው በመጣው የብርድ ወቅት ያየሁትን ልንገራችሁ። ዛሬም ያው ነገር ሲደገም ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንድ ባልደረባችን ለማታ ፈረቃ ሲገባ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ቁርጥማት ይዞታል። «ቤትህ ብትተኛ አይሻልም?» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ የምርመራውን ፎቶ አሳየኝ። «ኔጌቲቭ ነው ሲስተር፣ ኮቪድ አይደለም።» የፈረቃው ኃላፊም ፎቶውን አይታ አስገባችው። አልፈርድባትም። መመሪያው የሚጠይቀው ያንኑ ብቻ ነበር፣ የሚተካው ሰውም አልነበረም።

በቀናት ውስጥ አንዲት እናት ምግብ እምቢ አሉ። ትኩሳት የላቸውም፣ ሳሉም እምብዛም ነው፤ ግን የገዛ ልጃቸውን «አንተ ማነህ?» ይሉት ጀመር። ኢንፍሉዌንዛ አረጋውያን ላይ እንዲህ ተደብቆ ሊመጣ ይችላል። ቀጥሎ አጠገባቸው ያሉት አሳሉ፣ ከዚያ ማዶ ያሉት። ሁሉም ለኮቪድ ተመረመሩ፣ ሁሉም ኔጌቲቭ ሆኑና ክፍሉ ተንፈስ አለ። አንድ አንጋፋ ሐኪም መጥተው «ለኢንፍሉዌንዛስ ማን መረመራቸው?» እስኪሉ ድረስ ማንም አላሰበውም። ወጣቶቹ ሐኪሞች ሥራ የጀመሩት በሽታው ከዓይን በጠፋበት ጊዜ ስለነበር እምብዛም አይተውት አያውቁም።

ውጤቱ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ሆነ። ኦሴልታሚቪር የተባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ምልክቱ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ኋላ ለታመሙት ደረሰ። ለእኚያ እናት ግን ዘገየ፣ ኦክስጅን ላይ ቆይተው አረፉ። በሽታውን ማን እንዳስገባው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ ጠያቂም ሊሆን ይችላል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ሕሙማን መሀል ማደሩ ግን ትክክል አልነበረም።

ያኔ ብዙ ሰው «ኢንፍሉዌንዛ እኮ ጠፍቷል» ይል ነበር። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021 በዓለም ዙሪያ ከወትሮው እጅግ ቀንሶ ነበር። አንድ የኢንፍሉዌንዛ ታማሚ በአማካይ ከአንድ ሰው ትንሽ ለሚበልጥ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ስለዚህ ማስክና መራራቅ ሰንሰለቱን በቀላሉ በጠሱት፣ ኮቪድ ግን ከዚያ በላይ ተላላፊ ስለሆነ ያንኑ ሁሉ አልፎ ቀጠለ። እንዲያውም ቢ ያማጋታ የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ ዘር እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ወዲህ መኖሩ አልተረጋገጠም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ከክትባቱ እንዲወጣ መክሯል። ሌሎቹ ግን የትም አልሄዱም። ማስኩ ሲወልቅ፣ ጉዞው ሲከፈት ተመለሱ፤ ያገኙት ደግሞ ለተከታታይ ዓመታት ቫይረሱን ሳያገኝ የቆየና ክትባቱንም ችላ ያለ ሰው ነው።

እኛ ጋ አሁን መግቢያው ላይ የሚጠየቀው ስለ ምልክት ነው። ትኩሳት ወይም አዲስ ሳል ያለበት ሰው የምርመራው ውጤት ምንም ይሁን ምን ሕሙማን ጋ አይደርስም። ክትባቱም የሚሰጠው ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ነው፣ መከላከያው እስኪዳብር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋልና። አንድ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። እኛ የሕመም ፈቃድ ስንወስድ ደመወዛችን አይነካም። በኮንትራት የሚሠሩት የጽዳት ሠራተኞች ግን የቀሩበት ቀን ይቆረጥባቸዋል፣ ስለዚህ እያሳሉም ቢሆን ይመጣሉ። በየስብሰባው አነሳዋለሁ፣ እስኪስተካከልም አነሳዋለሁ።