ኮዱ ተመለሰ፣ ዳታቤዙ ግን እምቢ አለ

ዓርብ ነበር፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ። የአንድ ልብስ ሱቅ ድረ ገጽ ላይ ትንሽ ማሻሻያ ልጭን ተቀመጥኩ። ትዕዛዝ በሚመዘገብበት የዳታቤዝ ቴብል (ሰንጠረዥ) ውስጥ የስልክ ቁጥሩን ኮለም (ዓምድ) ስም ቀየርኩ፣ አዲሱን ኮድ ጫንኩ፣ ቡና ላፈላ ተነሳሁ።

ጀበናው ሳይፈላ የሱቁ ባለቤት ደወሉ። «ልጄ፣ ትዕዛዝ አልገባ አለ እኮ!» የማዘዣ ገጹን ስከፍት 500 ይላል፤ ሰርቨሩ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው።

ምን ችግር አለው፣ እመልሰዋለሁ አልኩ። የኮዱን የቀድሞ ቅጂዎች የሚያስቀምጠው ጊት አለኝ፤ በአንድ ኮማንድ ወደ ቀድሞው ኮድ ተመለስኩ። ያው 500! የድሮው ኮድ የሚፈልገው የድሮውን የኮለም ስም ነዋ። እሱ ደግሞ ከዳታቤዙ የለም። የሌሊቱን ባክአፕ (የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ) እንዳልመልስ፣ ቀኑን ሙሉ የገባው ትዕዛዝ ሊጠፋ ነው። ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ የኮለሙን ስም በእጄ መልሼ ቀየርኩት። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ አብዛኛው ያለቀው ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ስፈልግ ነው።

ከዚያ ወዲህ የኮለም ስም አልቀይርም። አዲስ ኮለም ከድሮው ጎን እጨምራለሁ። ኮዱ ለጊዜው ሁለቱም ላይ ይጽፋል። የቆየውን መረጃ ቀስ ብዬ እገለብጣለሁ፤ ከዚያ ንባቡን ወደ አዲሱ አዞራለሁ። የድሮውን የማጠፋው ሁለት ሳምንት ያለ ኮሽታ ካለፈ ነው። ለአንዲት ስም ሦስት አራት ዲፕሎይ (ኮድ መጫን)! ያሰለቻል። ግን የትኛውም ደረጃ ላይ ቢበላሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

የኮዱ ነገር ይቀላል። ድሮ በኤፍቲፒ፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ ሰርቨሩ እየላክሁ ስጭን ኢንተርኔቱ መሀል ላይ ይቋረጥና ገጹ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ይሆን ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቅጂ ቀኑ የተጻፈበት የራሱ ፎልደር አለው። ሰርቨሩ የሚያየው አንድ ሲምሊንክ፣ ማለትም ወደ አንዱ ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ፣ ብቻ ነው። ሁሉም ተጭኖ ሲያልቅ ሲምሊንኩን ወደ አዲሱ አዞራለሁ፤ ከተበላሸ ወደ ቀድሞው። የሸቀጦቹ ፎቶና የይለፍ ቃል ፋይሉ ከእነዚህ ፎልደሮች ውጪ ይቀመጣሉ። (አንዴ ሲምሊንኩን አዙሬም ድረ ገጹ የተጻፈበትን ኮድ የሚያስኬደው ፒኤችፒ በአሮጌው ኮድ መሥራቱን ቀጠለ። ያነበበውን ኮድ ሜሞሪ ላይ የሚያቆየው ኦፕካሽ ነው ጉዱ። አሁን ፒኤችፒን ሰርቨሩ ላይ የሚያንቀሳቅሰውን ፒኤችፒ ኤፍፒኤምን ሪሎድ ሳላደርግ (እንደ አዲስ ሳላስጀምር) ከወንበሬ አልነሳም።)

መመለስ ራሱ ነገር ሊያባብስ እንደሚችል የገባኝ ደግሞ የናይት ካፒታልን ታሪክ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ይህ የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ አዲስ ኮዱን ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ብቻ ጭኖ ገበያ ገባ። በ8ኛው ላይ ለዓመታት ተኝቶ የኖረ ኮድ ነቃ። ሠራተኞቹ ደንግጠው አዲሱን ኮድ ከ7ቱ አነሱት። ያኔ የተኛው ኮድ በሁሉም ላይ ተነሳ። የ45 ደቂቃው ትርምስ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈላቸው።

ስለዚህ ሳልጭን በፊት «ብመልሰው የድሮው ኮድ ዳታቤዙ ውስጥ ምን ያገኛል?» ብዬ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከጫንኩ በኋላ በራሴ ስልክ ቁጥር አንድ ሸሚዝ አዛለሁ። የሱቁ ባለቤት ሙከራ መሆኑን ረስተው ሁለቴ አሽገው ጠብቀውኛል።