ቤቱ የሰው፣ ግብሩ የእኔ

ሰሞኑን አዲስ አበባ ካለ አብሮ አደጌ ጋር በስልክ ስናወራ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነገር ተነሳ። በ2015 ዓ.ም. የጨመረ ጊዜ እናቱ ቤት የመጣውን ቁጥር ሲነግረኝ እኔም ደንግጬ ነበር። አሁን ደግሞ ጥር 2017 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን ብሎ ይሰጋል። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እናንተማ ታድላችሁ፤ በወር በወር ከፋፍላችሁ ነው አሉ የምትከፍሉት። ደግሞ አንተ የራስህ ቤት የለህ፣ ምን ቸገረህ?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኔ ወዳለሁበት ወደ እንግሊዝ ለመምጣት የሚያስቡ ልጆች ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ መኖሪያ ወረቀት ይጠይቁኛል። ካውንስል የሚባለው የአካባቢው አስተዳደር ስለሚሰበስበው የቤት ግብር፣ ስለ ካውንስል ታክስ፣ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልጻፈው።

እንግሊዝ አገር የቤት ግብር የሚከፍለው በአብዛኛው ባለቤቱ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። ተከራይም ብትሆን አንተው ነህ። ለሐበሻ የማይዋጠው ይሄ ነው። እኛ ጋ ተከራይ ኪራዩን ይከፍላል፣ ቢበዛ መብራትና ውሃውን ይጨምራል። የግብሩ ጣጣ የአከራይ ነው፤ የሚሰለፈውም እሱ ነው። እዚህ ግን ለአከራይህ ከፍለህ ስትጨርስ ካውንስሉ የራሱን ይጠብቅሃል። የስደተኞችን ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ በሰጠው የጥገኝነት ጠያቂዎች ቤት እስካለህ ድረስ ደግሞ ቢሉ ለባለቤቱ ነው የሚሄደው፣ አንተ አታየውም። ክፍል ክፍል እየተባለ በሚከራይ የጋራ ቤትም እንደዚያው ነው፣ ከፋዩ አከራዩ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ካውንስል ታክስ የሚባለውን ነገር የሚተዋወቀው ወረቀት አግኝቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን በር በራሱ ቁልፍ የከፈተ ሰሞን ነው።

ወር በወር የመክፈሉ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የዓመቱ ሂሳብ ከኤፕሪል እስከ ማርች ይታሰባል። እኔ ስጀምር የተለመደው 10 ክፍያ ነበር፣ ከኤፕሪል እስከ ጃንዋሪ ትከፍላለህ፣ ፌብሩዋሪና ማርች ባዶ ናቸው። በ12 ይከፋፈልልኝ ማለትም ይቻላል፤ ይህ መብት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ግን አንተ ነህ መጠየቅ ያለብህ። ሁሉም ነገር በሰዓቱ ሲሄድ ጥሩ ነው። 1,400 ፓውንድ ባንዴ አምጣ ከምትባል በወር 140 ይሻላል። ጓደኛዬ የሰማው እስከዚህ ነው። ይሄ ግን ፊትህን አይቶ «ግድ የለም፣ ስታገኝ ታመጣለህ» እንደሚልህ የሰፈር ባለሱቅ ዱቤ አይደለም። አንድ ክፍያ ሲያልፍህ ማሳሰቢያ ይመጣል፣ 7 ቀን ይሰጥሃል። ያም ካለፈ ከፋፍሎ የመክፈል መብትህ ይነሳና የቀረው የዓመቱ ሂሳብ በሙሉ ባንዴ ይጠየቃል። ከዚያ ማጂስትሬት ፍርድ ቤት ትጠራለህ። የመጥሪያው ወጪም አንተው ዕዳ ላይ ይደመራል። ፍርድ ቤቱ ዕዳው ያንተ ነው ካለ ካውንስሉ ከደሞዝህ ሊያስቆርጥ፣ ወይም ቤይሊፍ የሚባል ዕዳ አስከፋይ ቤትህ ድረስ ሊልክብህ ይችላል።

እኔን ያገኘኝ እንዲህ ነው። ደቡብ ለንደን ውስጥ አንዲት ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ገባሁ። እንደገባሁም ለካውንስሉ አሳወቅኩ፣ ተመዝግቧል አሉኝ፣ ቢሉን መጠበቅ ጀመርኩ። ቤቱ ብዙ ቦታ የተከፋፈለ ነው። እነሱ መዝገብ ላይ የእኔን በር ቁጥር ሳይሆን የላይኛውን ጻፉ፣ እዚያ ደግሞ ያኔ የሚኖር ሰው አልነበረም። ቢሉም ማሳሰቢያውም እዚያ ሄደው ተከማቹ። እኔ እጅ የገባው የመጀመሪያው ደብዳቤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው።

ይሄን ላላየው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በእኛ ቤት አባቴ በመሬት ጉዳይ እንኳ ሽማግሌ ነበር የሚልከው፣ ክስ ነውር ነው ይል ነበር። እኔ ሰው አገር መጥቼ፣ ማንንም ሳልነካ፣ ስሜ ከነአያቴ መጥሪያ ላይ ተጽፎ መጣ። እንግሊዞች ደግሞ ትሕትናቸው አይጣል ነው። ውድ አቶ እገሌ ብለው ጀምረው፣ በመሀል ፍርድ ቤት ቀጥረው፣ በአክብሮት ሰላምታ ይሰናበቱሃል። መጮህ የለም፣ ቁጣ የለም። እኛ ጋ ቢሆን አንድ ሰው ቆጣ ይላል፣ ሌላው ያባብላል፣ ነገሩ የሚያዝ የሚጨበጥ ነገር ይኖረዋል።

ስልክ ደውዬ ስላልተሳካልኝ ካውንስሉ ቢሮ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኝ ነበር፣ ለሕግ ነገር ግን አስተርጓሚ ይሻላል ብዬ ጠየቅኩ። በስልክ አገናኙኝ። አስተርጓሚው የመለያ ቁጥራቸውን ተናግረው «ጤና ይስጥልኝ» ሲሉ ድምፃቸውን አወቅኩት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ የሚያነቡልን ጋሼ ናቸው! እሳቸውም እንዳወቁኝ ወዲያው ገባኝ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ «አንተ ልጅ» የሚሉኝ ሰውዬ ያን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እርስዎ» አሉኝ። ሥራቸው ነው፣ በሥርዓት ነው የሠሩት። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያስተናገደችኝ የካውንስሉ ሠራተኛ ሴትዮ የአድራሻውን ስህተት ልታጣራ ቃል ገባች። እስከዚያ ዕዳው እንደገና እንዲከፋፈልልኝ የገቢና የወጪ ቅጽ ልትሞላ ጀመረች። ለምግብ ስንት ታወጣለህ? ለስልክ? ለትራንስፖርት? ለልብስ? ለፀጉር? ለሲጋራ የሚል ቦታ አለ፣ ለውሻና ለድመት የሚል ቦታም አለ። ለእናት የሚል ቦታ የለም። በየወሩ አገር ቤት የምልከውን ስነግራት የት እንደምትጽፈው ግራ ገባት፣ ከዚያ ሌላ በሚለው ስር ጻፈችውና ይሄን መቀነስ ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ለእናትዎ የሚልኩትን መቀነስ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። አልቀንስም አልኩ። ሌላ ምን ትቀንሳለህ ስትለኝ ከምግቡ ቀንሺ አልኳት።

ያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ በደንብ አልረሳሁትም። ገንዘቡ አይደለም። ሴትየዋም ክፉ አልነበረችም፣ የተሰጣትን ነው የምትጠይቀው። ግን እኔ ከአገሬ የወጣሁበት ምክንያት በሙሉ «ሌላ» በሚል መስመር ውስጥ ገብቶ፣ ከሲጋራ በታች ተጽፎ፣ በማውቃቸው ሰው አፍ ሲጠየቅ ስሰማ አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ።

በመጨረሻ ስህተቱ የእነሱ መሆኑን በጽሑፍ ካመለከትኩ በኋላ መጥሪያው ተነሳ፣ የፍርድ ቤት ወጪ ተብሎ የተደመረው ከ100 ፓውንድ በላይም ተሰረዘ፣ ክፍያዬም ወደ ወር በወር ተመለሰ። ይህን በኩራት ነው የምናገረው። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ወረቀቴን ይዤ ተከራክሬ መብቴን አስከበርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍያ አልፎኝ አያውቅም፤ በዳይሬክት ዴቢት፣ ደሞዝ በገባ ማግስት ከባንክ ሂሳቤ በራሱ ይቆረጣል። ቆሻሻዬ በቀኑ ይነሳል፣ መንገዱ ማታ ይበራል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከነሙቀቱ ለሁሉም ክፍት ነው። ለብቻቸው የሚኖሩ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ የሚላከው ተንከባካቢ የሚከፈለውም ከዚሁ ገንዘብ ጭምር ነው። መክፈሉ አይቆጨኝም።

የገረመኝ ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ታሪኩን ለሐበሻ ጓደኞቼ ስናገር ሁሉም የራሱን አወጣ። አንዱ ቤይሊፍ መጥቶበት ነበር። አንዷ ከደሞዟ ተቆርጦባት ነበር። ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? እኛ ሐበሾች የሰው ደሞዝ እንጠይቃለን፣ መቼ ነው የምታገባው እንላለን፣ የማያገባን ነገር የለም። የሚጠቅመውን ነገር ግን አፍረን እንውጠዋለን፣ አዲስ መጪውም እንደኛው ግድግዳው ላይ ይላተማል። እንግሊዞቹ ራሳቸው እንኳ በዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። ከካውንስል ታክስ በፊት በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ግብር አምጥተውባቸው እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1990 የለንደኑ ትራፋልጋር አደባባይ በተቃውሞ ተናውጦ ነበር። ያ ግብር ቀርቶ በ1993 የአሁኑ ተተካ። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ናቸው የነገሩኝ፣ ሲያወሩት ዓይናቸው ይበራ ነበር።

የአሁኑም ቢሆን ጉድ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ቤቶች ከኤ እስከ ኤች በ8 ደረጃ ተከፍለዋል። ደረጃው የወጣው ቤቱ ዛሬ በሚያወጣው ሳይሆን በኤፕሪል 1991 ቢሸጥ ያወጣ በነበረው ዋጋ ነው። ያኔ ከ320,000 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ቤት ሁሉ አንድ ደረጃ ነው፣ ቤተ መንግሥት ቢያክልም። ከፍተኛው ከዝቅተኛው 3 እጥፍ ብቻ ይከፍላል። እዚያው ለንደን ውስጥ እንኳ ከካውንስል ካውንስል ይለያያል፤ ዌስትሚንስተርና ዋንድስዎርዝ ዝቅ አድርገው በማስከፈል ይታወቃሉ። አዲስ አበባም በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ስንት ዘመን አስከፍላ ድንገት ስታሻሽለው ሰው መደንገጡ አይፈረድበትም። እንግሊዝ ግን ጨርሶ አልነካችውም፤ ፈርታ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም እውነት ይመስለኛል።

አሁን ለምትመጡት ልንገራችሁ። ኪራይ ስትጠየቁ ካውንስል ታክስን ይጨምራል ወይ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ ደረጃውንም ጠይቁ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ 25 በመቶ ይቀነስላችኋል፣ ግን ካላመለከታችሁ ማንም አይሰጣችሁም። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከቤቱ ነዋሪ ቁጥር ውስጥ አይቆጠርም። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተማሪ ከሆኑ ምንም አይከፈልም፣ የትምህርት ቤቱን ማስረጃ ብቻ ላኩ። የአጎት ልጅ መጥቶ አብሯችሁ መኖር ሲጀምር ደግሞ አሳውቁ። «ሐበሻ ዘመዱን አይመዘግብም» የሚሉትን አትስሙ። ሳታሳውቁ የወሰዳችሁት ቅናሽ ወደ ኋላ ይጠየቃል፣ 70 ፓውንድ ቅጣትም አለው።

ገቢ ላነሰው ካውንስሉ የሚሰጠው ሌላ ቅናሽ አለ። እዚህ ላይ በሥራ ቪዛ የምትመጡ ተጠንቀቁ። ቪዛችሁ ላይ የመንግሥት ድጎማ አይፈቀድም የሚል ካለ ይህን ቅናሽ መጠየቅ ቪዛችሁን ሊጎዳ ይችላል። ብቻህን ስትኖር የሚሰጠው 25 በመቶ ግን ከዚያ ውስጥ አይገባም፣ እሱን ያለ ስጋት ጠይቁ። ደብዳቤ አይታችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱ፤ ባይገባችሁም ከፍታችሁ ቀኑን እዩ። ቤይሊፍ በር ላይ ቢመጣ ለካውንስል ታክስ በመጀመሪያ ጉብኝቱ በር ሰብሮ የመግባት መብት የለውም፤ በሩን ዘግታችሁ በመስኮት ወይም በስልክ ማነጋገር ትችላላችሁ። ያልተቆለፈ በር ካገኘ ግን ይገባል፣ ስለዚህ ቡና አፍልታችሁ እንደ አገር ቤት በሩን ገርበብ አድርጋችሁ አትተዉ።

ያን ቅጽ የሚያስሞላችሁ ካለ ደግሞ ለቤተሰብ የምትልኩትን አትደብቁ፣ ተናገሩ፣ ይጻፍ። ቦታ ባይኖረው እንኳ ቦታ ይፈልጉለት።