ለ10,000 ላይክ ብዬ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሱፍ ምንጣፍና የመንዝ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችን። አለችን ስል የእትዬ ናት፤ እኔ ቀን ቀን እሸጣለሁ፣ ማታ ማታ የፌስቡክ ገጹን አያለሁ። ባለፈው ሐምሌ ገበያው ሞተ። ከ2,700 ሜትር በላይ ተቀምጠን፣ በዚያ ብርድ ባና ካልተሸጠ መቼ ሊሸጥ ነው?

አንድ ማታ "ገጽዎን በነጻ እናስተዋውቅ፣ በ3 ቀን 10,000 ላይክ" የሚል ነገር መጣብኝ። እነማን እንደሆኑ አይልም። ስልክም የለው። የሚጠይቀው ኢሜይል ብቻ ነው። ብር ካልጠየቁኝ ምን ቸገረኝ ብዬ የሱቁን ሰጠኋቸው፤ ያንኑ ትእዛዝ የምንቀበልበትን፣ የፌስቡኩ ፓስዎርድ ቢጠፋ እንኳ የምናስመልስበትን።

ላይኩ አልመጣም። መጀመሪያ በቀን 4 ደብዳቤ፣ ከዚያ 20፣ ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ስከፍተው 60። ብድር፣ ቁማር፣ የክብደት መቀነሻ ሻይ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ ከየደብዳቤው ግርጌ "አትላኩልኝ" የሚለውን ሊንክ አንድ በአንድ ስጫን ዋልኩ። ለካ ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ እሱን መጫን "አለሁ፣ አነባለሁ" ብሎ እጅ ማውጣት ነው! ጭራሽ ባሰባቸው።

ከመሃል አንዱ "የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል፣ እንዳይዘጋ እዚህ ይግቡ" ይላል። አመንኩት፤ ሲሞላ በዓይኔ እያየሁ ነዋ። ፓስዎርዱን ግማሽ ድረስ ከጻፍኩ በኋላ ነው ከላይ ያለውን አድራሻ ልብ ያልኩት። "ጎግል" በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ በ"ኦ" ፈንታ ዜሮ ቁጥር ገብቶበታል። እጄ ቀዘቀዘ።

በ9ኛው ቀን እትዬ፣ "አንተ፣ እነዚያ የዋሽንግተን ሰዎች ለሠርግ 6 ባና እንፈልጋለን ብለው አልነበር? ምነው ዝም አሉ?" አሉኝ። ዝም አላሉም። ትእዛዛቸው በሻዩና በቁማሩ መሃል ተቀብሮ ከረመ። ስጽፍላቸው ከሌላ ገዝተናል አሉ። እትዬ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ይሁን" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ፓስዎርዱን ቀየርኩ፣ ከፓስዎርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አበራሁ፣ ለማላውቀው ሁሉ የምሰጠው ሌላ ጂሜይል ከፈትኩ። አንድ ኮምፒውተር የሚማር ደንበኛችን ደግሞ አንድ ዘዴ አሳየኝ። ጂሜይል ላይ ከስምህ ቀጥሎ፣ ከ"አት" ምልክቷ በፊት፣ የመደመር ምልክትና የፈለግከውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጨምር ደብዳቤው ያው ወዳንተው ይመጣል፤ ለየሰዉ የተለያየ ቃል ከሰጠህ አድራሻህን ማን ለሌላ እንዳሳለፈ ትለይበታለህ። መደመሯን የማይቀበል ፎርም አለ እንጂ አሪፍ ነገር ናት።

ከወር በፊት ሌላ "አስተዋዋቂ ነኝ" ባይ መጣ። በአዲሱ ጂሜይል ላይ መደመርና "ሙከራ" የሚል ቃል ጨምሬ ሰጠሁት። በ2ኛው ሳምንት ጫማ እሸጣለሁ የሚል ሌላ ሰው በዚያችው አድራሻ ጻፈልኝ። ለሌላ ለማንም ሰጥቻት አላውቅም።

ላሳያቸው ስልኬን ይዤ ወደ እትዬ ሮጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀስ ብለው አነበቡ።

"እና ጫማው ስንት ነው አለ?"