አረንጓዴው ወይስ ሰማያዊው

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት

ከልምምድ አሁን ገባሁ። ጆሮዬ ገና ይጮኻል፤ ግን ሳልተኛ ልጻፈው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያመነታሁበት ነገር ዛሬ ለየለት።

ጓደኛዬ ከአሜሪካ ሲመጣ ሁለት ኦቨርድራይቭ ፔዳል ይዞ መጣ፤ በእግር የሚረገጡ፣ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክሩ ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። አንዱን ምረጥ፣ ሌላው ገዢ አለው አለኝ። ሰማያዊው የቦስ ብሉስ ድራይቨር ነው። አረንጓዴው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ቲኤስ9፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሞዴል።

ቤት ብቻዬን ስሞክራቸው ሰማያዊው አሸነፈ። ቤዙ ሙሉ ነው፤ ክሩን ቀስ አድርጌ ስመታው ንጹሕ፣ ጠንከር ሳደርግ ሻካራ። አረንጓዴው ግን በአፍንጫው የሚያወራ ሰው መሰለኝ። ቤዙን ይቀንሳል፣ 720 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መሃለኛውን ድምፅ ወደ ፊት ያወጣል። ይሄ ነው እንዴ እንዲህ የሚወራለት አልኩ።

ዛሬ ከባንዱ ጋር ሰማያዊውን ረግጬ ሶሎ ገባሁና ጠፋሁ። ታችኛውን ድምፅ ቤዝ ጊታሩ ወሰደው፣ ላይኛውን ሲምባሉ፣ የቀረችውን ኪቦርዱ። ድራይቩን፣ ማለትም የሻካራነቱን ማዞሪያ፣ ጨመርኩ፤ ባሰበት። ድራይቭ ከልክ ሲያልፍ ድምፁ እየተጨፈለቀ ይሄዳል እንጂ ጎልቶ አይወጣም። ከዚያ አረንጓዴውን ሰካሁ፤ ድራይቩን ወደ ዜሮ አስጠግቼ ሌቭሉን፣ የድምፅ መጠኑን ማዞሪያ፣ ከግማሽ በላይ ከፈትኩት። ቤት ያስጠላኝ ያ የአፍንጫ ድምፅ በሳክስፎኑና በኪቦርዱ መካከል ቦታውን አግኝቶ ጥርት ብሎ ወጣ። ድራመሩ ቀና ብሎ አየኝ።

ትዝታ ስንጫወት ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ንጹሕ ጊታር ላይ ክሩን ትመታዋለህ፣ ወዲያው ይሞትብሃል፤ እንጉርጉሮው መሃል ላይ ይቆረጣል። ትንሽ ድራይቭ ሲገባበት ግን ድምፁ ይቆያል፣ እንደ ማሲንቆ ተስቦ ይሄዳል፤ ጣቴን እያንቀጠቀጥኩ እስከፈለግኩት ድረስ ያዝኩት። እኔ ከኦቨርድራይቭ የምፈልገው ይህንን ነው፣ ጩኸቱን አይደለም።

አንቺሆዬ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። ቅኝቱ ሁለት ቦታ ላይ በግማሽ ቶን የተጠጋጉ ድምፆች አሉት፤ ሁለቱ ክሮች አብረው ከጮኹ ኦቨርድራይቩ ያጋጫቸዋል፣ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ያለፈውን ክር በመዳፌ ማፈን፣ አንድ በአንድ መጫወት።

ሌላው የባትሪው ነገር። አምና ሰርግ ላይ በተዋስኩት ፔዳል ስጫወት በዘፈን መሃል ጊታሬ ድርግም አለ። ፔዳሉን አጠፋሁት፣ አሁንም ዝም። ለካ እንዲህ ዓይነት ፔዳል ባትሪው ካለቀ ቢጠፋም ድምፅ አያሳልፍም! የጊታሩ ገመድ ጃክ ፔዳሉ መግቢያ ላይ ተሰክቶ ካደረ ደግሞ ማንም ሳይጫወት ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው ነበር ያደርኩት። ሙሽሮቹ እየጨፈሩ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሰማያዊውን ነገ እመልሳለሁ። ማክሰኞ ልምምድ ላይ የምሞክረው አለ፤ ፔዳሉን ሳላጠፋ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 6 ዝቅ አድርጎ ዘፋኙን ማጀብ፣ ለሶሎ ብቻ ወደ 10 መክፈት።