ኮምፒውተሩ በርቶ ይደር ወይስ ይጥፋ?

ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነው፤ ባሕር ዳር ሺንብጥ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ዴስክቶፔን አላጠፋውም ነበር። ጠዋት ሁሉንም ነገር ማታ በተውኩበት ማግኘት ይመቻል። ማብራትና ማጥፋት ዕድሜውን ያሳጥራል የሚል ወሬም አለ።

ነገሩን ያነሱት አከራዬ ናቸው። "ልጄ፣ ይሄ ነገር እንቅልፍ የለውም እንዴ?" አሉኝ። ቆጣሪያችን የጋራ ነው፤ ወዴት እንደሚያመሩ ገባኝ።

እሑድ ጠዋት ግቢው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ፍሪጁን ሳይቀር ነቀልኩ። ኮምፒውተሩ ብቻ ቀረ፣ ሞኒተሩ ጠፍቶ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ 1600 ይላል፤ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል 1 ኪሎዋት ሰዓት ተበላ ማለት ነው። ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፦ በ10 ደቂቃ 16 ጊዜ። ኮምፒውተሩ ያለ ሥራ 60 ዋት ገደማ ይበላል ማለት ነው። ወሩን ሙሉ ከበራ 43 ኪሎዋት ሰዓት! ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውም የሚጨምር ነው። ስሊፕ ላይ ሳደርገው መብራቷ ጭራሽ የተኛች መሰለኝ።

ታዲያ ስሊፕ አይበቃም? እኛ ጋ አይበቃም። ስሊፕ የከፈታችሁትን ሁሉ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ይዞ ነው የሚቆየው፤ መብራት ድርግም ካለ ያ ሁሉ ይጠፋል። ለሌሊት ሃይበርኔት ይሻላል። ሥራውን ዲስክ ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ጠዋት ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ስለሚደብቀው፣ ከኮንትሮል ፓነል ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ አውጡት። ስሊፕን ለምሳ ሰዓት ተዉት። ረጅም ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረግኩ ከሆነ ግን በርቶ ያድራል፣ አከራዬም ይቅር ይበሉኝ።

የዕድሜው ወሬ ብዙ አያስጨንቅም። ሃርድ ዲስክ በአስር ሺዎች የሚቆጠር መነሳትና መቆም እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር የለውም። የእኔን የጎዳው ሌላ ነው። ኬዙን ስከፍተው የሐይቁ ትንኝ ከአቧራ ጋር ፋኑ ላይ ተጋግሯል። ማታ ብርሃን አይቶ ይገባል፣ ፋኑ ይስበዋል። በጥርስ ብሩሽ ነው ያስለቀቅኩት።

ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት በሉት። ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳው ፋስት ስታርታፕ ከበራ ሻት ዳውን ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ አያድሰውም።

ክረምት ላይ፣ ነጎድጓድ ሲጀምር፣ ማጥፋት ብቻውን ዋጋ የለውም። ከሶኬት ንቀሉት። የኢንተርኔቱንም ገመድ ጭምር፤ መብረቅ በእሱም ይገባል።