ፊልሙ አለቀ፣ ወጪው ግን ገና ነው

ዛሬ ለንደን ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ፊልም የሠራች ጓደኛዬ አከፋፋይ ፍለጋ ስትሯሯጥ አብሬያት ዋልኩ። ወይ ጉድ! ለፊልሞች የዕድሜ ደረጃ የሚሰጠው የብሪታንያ ተቋም ቢቢኤፍሲ እንኳ ሂሳቡን የሚያሰላው በፊልሙ ደቂቃ ነው። ከትኬቱ መጀመሪያ ቫት ይነሳል፣ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ይወስዳል፣ አከፋፋዩ ኮሚሽኑንና የማስታወቂያ ወጪውን ይቆርጣል፣ እሷ ደግሞ የተረፈ ካለ ትጠብቃለች።

እ.ኤ.አ. በ2013 የዳይሬክተር ቤን ዊትሊ ፊልም «ኤ ፊልድ ኢን ኢንግላንድ» በአንድ ቀን ሲኒማ ቤት፣ ቴሌቪዥን፣ ዲቪዲና ኢንተርኔት ላይ ወጣ። አንድ ማስታወቂያ ለሁሉም! ብልጠት ነው፤ ግን ከጀርባው የቻናል 4 ቴሌቪዥን የፊልም ክንፍ የሆነው ፊልም4 እና የብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት ነበሩ።

የእሷ ደጋፊ ማን ነው? ለጊዜው እኔ፣ ያውም ፖስተር ለጣፊ።

ለንደን ያላችሁ፣ ሲኒማ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ኢንቦክስ በሉኝ።